ዘጠኝ ጀሪካንና አንድ ቁልፍ

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መስኮት ነው። ሻማው ቆይቶ ይፈለጋል። አስቀድሞ መልስ ማግኘት ያለበት ትልቅ ጥያቄ አለ፤ «የእኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» መጋረጃው ገለጥ ይደረግና ማዶ ያለው ብሎክ ይታያል። እሱም ከጨለመ እፎይ ይባላል። ከእሱ ወዲያ ያለው ሰፈር ጭምር ከጨለመማ ምን ተፈልጎ! ሰውየው «አጠቃላይ ነው» ብሎ ሶፋው ላይ ይዘረጋል፤ አገር ሁሉ የተቸገረበት ችግር ችግር አይባልም። ጉድ የሚፈላው የማዶው ብሎክ ቦግ ብሎ የታየ እንደሆነ ነው። ያኔ ሳሎኑ ውስጥ ችሎት ይሰየማል። ካርዱን መጨረሻ ያስሞላው ማነው? የስንት ብር ነው ያስሞላው? ትናንት ምጣድ የጣደው ማነው? ያን ሁሉ ልብስ ሲተኩስ የዋለውስ?

ከዚህ በኋላ ነው ሻማ ፍለጋ የሚጀመረው። ሻማ የሌለው ቤት የለም። ጣጣው «ለክፉ ቀን» ተብሎ እጅግ ጥሩ ቦታ መቀመጡ ነው። እጅግ ጥሩ ቦታ ማለት ደግሞ በብርሃን ካልሆነ የማይገኝ ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ሻማውን በስልክ መብራት እንፈልገዋለን። ሻማው ሲገኝ ክብሪት ይጠፋል። ክብሪቱ ሲገኝ መብራቱ ይመጣል፤ ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮሃሉ፤ ሻማውም ሳይለኮስ ወደዚያው ወደ ጥሩው ቦታ ይመለሳል።

በውሃ በኩል ግን አንታማም። በውሃ ሊቃውንት ነን። የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት በር ሲከፈት እንግዳን የሚቀበሉት በመስመር የቆሙ ቢጫ ጀሪካኖች ናቸው። ሁሉም አንድ ይምሰሉ እንጂ እያንዳንዱ ማዕረግ አለው። ከፊት ያሉት የመጠጥ ናቸው፤ ክዳናቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ጠብቋል። ቀጥሎ የወጥ ቤቱ፣ ከዚያ የገላው። ከሁሉ ኋላ፣ ክዳኑ ከጠፋ ዓመት ያለፈው የሽንት ቤቱ ጀሪካን አለ። አዲስ ሙሽራ ከመጠጡ ቀድቶ ሽንት ቤት ያፈሰሰ ዕለት ትዳር ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል።

ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀኑ ይታወቃል፤ ሰዓቱ ግን የራሱ የውሃው ጉዳይ ነው፤ በአብዛኛው ሌሊት ይወዳል። ስለዚህ ከመተኛት በፊት ቧንቧው ከፈት ተደርጎ ከሥሩ የቆርቆሮ ሳህን ይደፋል። ከሌሊቱ በአንዱ ሰዓት ቧንቧው ሁለት ሦስቴ ያስነጥስና ቡናማ ውሃ ሳህኑ ላይ ይለቀዋል፤ ቤቱም ሁሉ ይነሳል። ቤቱ ሁሉ ስል እናትየዋ ማለቴ ነው። የቀረው ሰው ጋቢውን ወደ ጆሮው ሳብ አድርጎ ይገላበጣል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ጎረቤቶቻችን አንድ ዓመት ሳህኑን እንደደፉ፣ ቧንቧውን እንደከፈቱ ለፋሲካ አገር ቤት ሄዱ። ውሃውም ለበዓል አልቀረም፤ በፈረቃው መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት የፋሲካን ዶሮ ጃንጥላ ሥር በሉ።

ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ እኛ ጋ አርፋ ነበር። በዚያ አገር መንግሥት እያንዳንዱ ቤት ለክፉ ቀን እንዲዘጋጅ ይመክራል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ውሃ፣ ማለትም ወደ 4 ሊትር ገደማ፣ ለተወሰኑ ቀናት ይያዝ ይላል። የማይበላሽ ምግብ፣ የእጅ ባትሪ፣ በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሣጥን፣ የሰነዶች ቅጂና ፊሽካም አለበት። ፊሽካው ሰው ፍርስራሽ ሥር ቢቀር ድምፅ እንዲያሰማ ነው። (በእኛ ግቢ ፊሽካ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው፤ እሱም የሚነፋው ኳስ ለሚጫወቱ ልጆች ነው።) ስዊድን ደግሞ ብሶባታል፤ ቀውስ ወይም ጦርነት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ መጽሔት አሳትማ በ2018 እ.ኤ.አ. ለየቤቱ ላከች፣ በ2024 አድሳ እንደገና አደለች።

የአክስቴ ልጅ መታጠቢያ ቤቱን ከፍታ ደነገጠች። ቆጠረች። ዘጠኝ ጀሪካን በ20 ሊትር፣ 180 ሊትር። አምስት ሰው በቀን 4 ሊትር ሲመታ 20፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ!

«እናንተ እኮ ከእኛ በላይ ተዘጋጅታችኋል! ይሄ ሁሉ ለምን ዓይነት አደጋ ነው?» ብላ ባለቤቴን ጠየቀቻት።

«ለማክሰኞ ነው» አለቻት ባለቤቴ።

ምግቡም ቢሆን አላሳፈረንም። ሌላው ዓለም ለክፉ ቀን የሚለውን ምግብ በቆርቆሮ አሽጎ ይሸጣል፤ የእኛ እናቶች ግን ያለ ቆርቆሮ ከሠሩት ስንት ዘመናቸው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ ስለተፈጨ ውሃና ጨው ወይም ስኳር ካገኘ ምግብ ነው። ጭኮው በቅቤ ታሽቶ ወራት ይከርማል። ድርቆሽ ከተረፈ እንጀራ የሚሠራ፣ በማሰሮ ተቀምጦ ክረምት የሚሻገር ብልሃት ነው። ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት የሚቆየው ቆጮ አለ። ድሮ አገር ሲዘምት የተዘመተው በዚህ ነው፤ ዛሬም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ከሻንጣው ግማሹ በሶና ጭኮ ነው።

እንቅፋቱ አንድ ነው፤ ምግቡ ለወራት ይቆያል እንጂ እኛ አናቆየውም። ዳቦ ቆሎ አደጋ እስኪመጣ ተከድኖ የሚጠብቅበት ቤት እስካሁን አላየሁም። ማክሰኞ ማታ ተሠርቶ ሐሙስ ዜና እየታየ ያልቃል። ጭኮውን ደግሞ ማን እንደጨረሰው ማወቅ አይቻልም፤ ሁሉም «እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀመስኩት» ይላል፤ ሲደመር ግን እቃው ባዶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የሦስት ወር ቀለብ አከማቹ የሚል ምክር ጎተራ ላለው ሰው ነው። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልጋው፣ ማብሰያውና ሰዎቹ ራሳቸው በፈረቃ ነው የሚቀመጡት። ጤፍ በኩንታል የሚገዛ ሰው ሊያከማች ይችላል፤ በኪሎ የሚገዛው ግን ክምችቱ ያለው ባለሱቁ ደብተር ውስጥ ነው፤ ስሙና ዕዳው የተጻፈበት። እሱንም መናቅ አይገባም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ገንዘብ ያለው ሁሉ ወጥቶ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ ገዛ፤ ዋጋቸውም ሰማይ ወጣ። ብዙ ሰው ቤቱ ጨው የለም፣ ፌጦ ግን በኪሎ አለ። በዚያን ሰሞን ስንቱን ቤት ያሻገረው የባለሱቁ ደብተር ነው።

እንግዲህ ልብ ብላችሁ ከሆነ እስካሁን የዘረዘርኩት ዝግጅት ሁሉ ለሚቀር ነገር ነው። መብራት ቢቀር ሻማ፣ ውሃ ቢቀር ጀሪካን፣ ገበያ ቢቀር በሶ፣ ደመወዝ ቢቀር ዱቤ። በዚህ በኩል ዓለም መጥቶ ይማርብን፤ ክፍያም አንጠይቅም። የሚመጣ ነገር ሲመጣ ግን፣ እሳት ሲመጣ፣ ጭስ ሲመጣ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ያ ሁሉ ዝግጅታችን መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። መንገድ ላይ ያልኩት ለአነጋገር አይደለም። ኮሪደሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ በሩ ላይ ቆሟል።

የ2017ን ታኅሣሥ እንውሰድ። በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ ሰነበተች፤ አንዳንዱ መንቀጥቀጥ በመለኪያው ከ5 በላይ ነበር። እዚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ለቆ ተፈናቀለ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን የምንኖረው የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ እንቅልፋችንን አጣን፤ ፎቅ ላይ ያለነውማ ይበልጥ።

ሌሊት ነው። አምፖሉ ይወዛወዛል። ቡፌው ውስጥ ያሉት የእንግዳ ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ወደ በሩ። በሩ ደግሞ የዋዛ በር አይደለም። የራሱ ቁልፍ አለው፣ ከላይ መቀርቀሪያ አለው፣ ከእሱ ውጪ ደግሞ ባለ ፍርግርግ የብረት በር አለ፣ በእሱም ላይ ጡጫ የሚያክል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ሌባ በዚህ በር አይገባም፤ ተረጋግጧል። የማይገባ ከሆነ የማይወጣም መሆኑን ግን ያሰበበት አልነበረም። «ቁልፉ የት ነው?» የሚለው ጩኸት በዚያች ሌሊት ከየቤቱ ሲሰማ እግዚኦታ ነበር የሚመስለው። ቁልፉ አባወራው ሱሪ ኪስ ውስጥ ነው። ሱሪውስ? ለነገ ሊታጠብ ተዘፍዝፏል።

እንደምንም በሩ ተከፈተ እንበል። ደረጃው ቀጥሎ ይመጣል። የአንደኛ ፎቅ ሰዎች የተሰበረ ሶፋ፣ የሁለተኛ ፎቅ ሰዎች የልጅ ብስክሌትና ሦስት ማዳበሪያ ከሰል፣ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ሥራ ያቆመ ምጣድ «ለጊዜው» ብለው አስቀምጠዋል። ለጊዜው የተባለው ጊዜ አራት ክረምት አልፎታል። በዓል ሲቃረብማ በግ ይታሰርበታል። በዚህ ሁሉ መሃል በጨለማ የሚወርደውን ሕዝብ አስቡት። የያዘውንም አይቻለሁ። አንዷ እናት የቤቱን ካርታና የልጆቿን የልደት ሰርተፍኬት በፌስታል አንጠልጥላ ነበር፤ ከሁላችን አዋቂዋ እሷ ነበረች። አንዱ ጎረምሳ ራውተር ይዞ ወረደ። አንድ ጋሼ ባዶ ብርጭቆ ጨብጠዋል፤ ለምን እንደያዙት እሳቸውም አያውቁም፤ እስኪነጋ ግን አልለቀቁትም።

ወርደን የት ተሰበሰብን? ሮቶው ሥር። ግቢያችን ውስጥ በረጃጅም የብረት እግር ላይ የቆመ ባለ 10 ሺህ ሊትር ታንከር አለ። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ሲሞላ 10 ቶን ይመዝናል። ቦታው ሰፊ ነው፣ ነፋስ አይገባበትም፣ ጥበቃውም እሳት አንድዶበታል። ከሚንቀጠቀጥ ሕንፃ ሸሽተን፣ ሕፃን ታቅፈን፣ አረጋውያንን አስቀምጠን፣ ከራሳችን በላይ 10 ቶን ውሃ ሰቅለን «ተመስገን፣ ተረፍን» አልን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ የነበረው ወሬ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የመሬት ተመራማሪ ሆነ። በቴሌግራም «ትልቁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይመጣል» የሚል መልእክት ዞረ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እስካሁን የለም፤ 9 ሰዓት ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ሞልቷል። እሳት ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ «በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም» ብሎ ደመደመ። ሆኖ ያውቃል። በ1898 ነሐሴ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ላንጋኖ አካባቢ የተነሳው ትልቅ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧታል። በ1953 ደግሞ በካራቆሬ አካባቢ የተነሳው ማጀቴን አፈራርሷታል። ስምጥ ሸለቆው ጎረቤታችን ነው፤ ጎረቤት ደግሞ አልፎ አልፎ ያንኳኳል።

ባለሙያዎች የሚመክሩት ከሠራነው ጋር አይገናኝም። መሬት እየተንቀጠቀጠ ደረጃ ላይ መሮጥ ክልክል ነው። ዝቅ ማለት፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መከለል፣ የጠረጴዛውን እግር መያዝ፣ ሲቆም በእርጋታ ወጥቶ ከሕንፃ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ከሮቶ መራቅ። ችግሩ የትኛው ጠረጴዛ ነው? በእኛ ሳሎን ሶፋው ግድግዳ ለግድግዳ ዞሮ የተረፈው ቦታ የምትይዘው ጠረጴዛ ለቡና ስኒ እንጂ ለሰው ራስ አትበቃም። ጠረጴዛ የሌለው ሰው መስኮትና ረጅም ዕቃ የሌለበት የውስጥ ግድግዳ ጥግ ቁጢጥ ብሎ ራሱን በክንዱ ይከልል። ረጅም ዕቃ ስል ዋናው ተከሳሽ ቡፌው ነው። ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች፣ የሠርግ ፎቶ፣ ከዱባይ የመጣ የቡና ሰርቪስ ተሸክሞ፣ በግድግዳው ላይ በአንድ ሚስማር እንኳ ሳይያዝ፣ ልጆች የሚተኙበት ፍራሽ ራስጌ ላይ ይቆማል። መኝታ ቤት ደግሞ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሦስት ሻንጣ ተደራርቧል፤ ከሥሩ አልጋው። ሁለት የብረት ማዕዘንና አራት ብሎን ቡፌውን ከግድግዳው ጋር ያስተቃቅፉታል። ሻንጣዎቹንም አልጋው ሥር ማስገባት ይቻላል፤ እርግጥ እዚያ ያለው የጫማ ክምችት ከፈቀደ።

መንቀጥቀጡ ብርቅ ነው፤ እሳት ግን ብርቅ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ከተማው በሙሉ በየስልኩ ቆሞ አየ። የእሳት አደጋ መኪኖቹን ከነደደው ጋር እኩል ያስቸገራቸው የመንገዱ ጥበት ነበር። ያን እያየን «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ መንገድ ዘግተው የሚነግዱት!» አልን፤ ከበራችን ውጪ ያሉትን ሦስት ማዳበሪያ ከሰል ተሻግረን ገብተን ነው ያልነው።

እሳቱን የምናሳድገውም እኛው ነን። ድሮ ቫልቮላ ሲቃጠል ቀጭኗ ሽቦ ተበጠሰች ማለት ሥራዋን ሠራች ማለት ነበር፤ ቤቱን አድና ሞተች። የሰፈሩ ባለሙያ ይጠራና በምትኳ ወፍራም ሽቦ ጠምጥሞ «ከእንግዲህ አያስቸግራችሁም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሽቦው አያስቸግርም፤ ከሽቦው በፊት ቤቱ ይነዳል። ዛሬም በብሬከሩ ዘመን ያው ነው። አንድ ሶኬት ላይ ማከፋፈያ፣ ማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ፣ ከእሱ ላይ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የውሃ ማፍያና ካውያ። ወደ 4 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል የሚበላ የእንጀራ ምጣድ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ እኛ ጋ ግን ከስልክ ቻርጀር ጋር አብሮ ይሰካል። ሶኬቱ ሲግል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሲሸት «ትንሽ ይረፍ» ይባላል፤ አርፎ ይቀጥላል።

ወጥ ቤት የዘይት እሳት የተነሳ እንደሆነ እጃችን ወደ ጀሪካኑ ይሮጣል፤ ጀሪካን ያለው ሰው ለሁሉ ነገር ውሃ መፍትሔ ይመስለዋል። የጋለ ዘይት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ወደ ጣሪያ መላክ ነው። ማጥፋት ነው ምድጃውን፣ መክደን ነው ድስቱን፤ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት። በመብራት የተነሳ ከሆነም ብሬከሩን ሳያወርዱ ውሃ ማሰብ የለም። ሲሊንደሩ ሲሸት ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም፤ ቫልቩን መዝጋት፣ መስኮቱን መክፈት፣ መውጣት። የሚያፈሰው በየት በኩል እንደሆነ በክብሪት ለኩሰው የሚፈትሹ ሰዎች አሉ። በሕይወት እያሉ ይሄን ያንብቡልኝ፤ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ በሚያፈሰው በኩል አረፋው ይነፋል።

የከሰሉን ነገር በቀልድ ላልፈው አልችልም። የሐምሌ ብርድ ሲጠና ቡና የተፈላበት ምድጃ ፍሙ እንዳለ መኝታ ቤት ይገባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል። «ጭሱ አልቋል፣ ቀልቷል» ይባላል። የሚገድለው ያ የማይታየው ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አያስነጥስ። ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ ያልተነሳበት ዜና በየጊዜው እንሰማለን፣ ከንፈር እንመጣለን፣ ማታ ምድጃውን እናስገባለን። ፍም ያለበት ምድጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይታደርበትም። በቃ።

ልጅ በጀበና ሲቃጠል የሚደረገውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የጥርስ ሳሙና ይቀባል። ጎረቤት ቅቤ ትላለች፣ ሌላዋ እንቁላል ትላለች፤ ትንሽ ቆይቶ ልጁ ለድስት የተዘጋጀ ይመስላል። የሚያስፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ቀስ እያሉ ማፍሰስ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ። ለዚህ እንኳ እነዚያ ዘጠኝ ጀሪካኖች አንጀት ያርሳሉ፤ ማክሰኞም ቢሆን።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ያስተካክለው? እኔ እንደማምነው ከማንም በፊት እድር ነው። በዚህች ከተማ እንደ እድር ለአደጋ የተዘጋጀ ድርጅት አይቼ አላውቅም። የአባላቱን ስም ዝርዝር ይይዛል፣ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ መቶ ሰው የሚያበላ ድስት አለው፣ በሌሊት ሰው ቢያርፍ ገና ሳይነጋ ድንኳኑ ተተክሎ ያድራል። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ይከፈላል። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ያለው ድርጅት የሚንቀሳቀሰው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ደንቡን ትንሽ ወደፊት ሳብ ብናደርገው፣ ሰውየው ገና ሳይሞት ቢጀምርልን፣ ምን ይጎድልበታል? ለቀባሪ ሳህን የሚገዛው ገንዘብ ለየደረጃው አንድ ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይገዛል። እሳት ማጥፊያውም እንደ ቡፌው ብርጭቆ ለእንግዳ የሚቀመጥ አይደለም፤ የግፊት መለኪያዋ ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኗን በየጊዜው ማየት፣ ጊዜው ሲመጣ ፒኑን ነቅሎ አፉን ወደ ነበልባሉ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር ማዞር ነው። ሰብሳቢው የመዋጮ ደብተር ሲይዙ በዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ መነሳት የማይችሉ እማማ መኖራቸውን፣ ምድር ቤት ያለው ጎረቤት ጆሮው እንደማይሰማ ይጻፉበት። ደረጃ ላይ ዕቃ ያስቀመጠ፣ ከቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣ። ይሄኛው ቅጣት ሳይውል ሳያድር ሳጥኑን እንደሚሞላው አልጠራጠርም።

በእኛ እድር ለሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ አጀንዳውን አስይዣለሁ፤ እናንተም በየእድራችሁ አስይዙ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ አለ። ከበሩ ጎን፣ ልጅ በሚደርስበት ከፍታ፣ አንድ ሚስማር ምቱና ቁልፉን እዚያ ስቀሉት፤ ከውጭ እጅ እንዳያገኘው ብቻ ከፍርግርጉ ራቅ ይበል። በወረቀት በትልቁ ጻፉና ከሥሩ ለጥፉ፤ እሳት 939፣ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።